ጃኩዚ ስትመርጡ ከጄቱ በፊት ውሃውን ጠይቁ

ጃኩዚ ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ መጀመሪያ የሚቆጥርላችሁ ጄቱን፣ ማለትም ውሃውን በኃይል የሚገፋውን ቀዳዳ ነው። ይኼኛው 30 አለው፣ ያኛው 50። ቀጥሎ መብራቱን ያበራላችኋል፤ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ። የውሃው ነገር ካልጠየቃችሁ አይነሳም። እኔ ግን የምጀምረው ከውሃው ነው። ጃኩዚ ሰውን ሲያሳምም ብዙውን ጊዜ በውሃው በኩል ነዋ።

(በነገራችን ላይ ጃኩዚ መጀመሪያ የዕቃ ስም አልነበረም። ከጣሊያን የመጣ ቤተሰብ ስም ነው፤ ኋላ የኩባንያቸው መጠሪያ ሆነ። አሁን ሰው ለሁሉም ዓይነት ይጠራበታል፤ እኔም እዚህ እንደዛው።)

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 1,500 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ውስጥ አራት ሰው ሲገባ ለአንድ ሰው 375 ሊትር ይደርሰዋል። 25 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሜትር ስፋትና 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው መዋኛ ደግሞ 375,000 ሊትር ይይዛል። በዚያው ስሌት ብንሄድ መዋኛው ውስጥ ባንዴ አንድ ሺህ ሰው ገባ ማለት ነው። ማን ይገባበታል? ጃኩዚ ውስጥ ግን ሳናስበው እንገባለን። የአራት ሰው ላብ፣ ቅባት፣ ሎሽንና የሞተ ቆዳ እዚያችው ውሃ ውስጥ ይቀራል። ውሃው ትኩስ ስለሆነ ጀርም እንዲገድል የሚጨመረው ክሎሪን ቶሎ ያልቃል። ጄቱ ሲያናፍሰው ደግሞ ይብስበታል።

ክሎሪኑ ሲያልቅ የሚደሰት ባክቴሪያ አለ፤ ሌጂዮኔላ ይባላል። ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ውሃ ይስማማዋል፤ ጃኩዚ ደግሞ እዚያው መሀል ላይ ነው። ሰው የሚታመመው ብዙውን ጊዜ ጄቱ ወደ አየር የሚረጨውን ዓይን የማያየው የውሃ ጠብታ ሲተነፍስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኔዘርላንድስ ውስጥ ቦቨንካርስፔል በምትባል ከተማ የአበባ ትርኢት ነበር። እዚያ ለማሳያ የተቀመጠ ጃኩዚ ለብዙ ሰው መታመም ምክንያት ሆነ፤ ቢያንስ 32 ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2019ም አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ በአንድ ባዛር ተመሳሳይ ነገር ደርሶ አራት ሰዎች ሞተዋል። በሁለቱም ቦታ ለመታመም ውሃው ውስጥ መግባት አላስፈለገም። በአጠገቡ ማለፍ በቂ ነበር።

ስለዚህ አራቱን ዓይነት (የሚነፋውን፣ ከጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራውን አክሪሊክ፣ በእንጨት የሚሞቀውንና የመታጠቢያ ቤቱን) ሳወዳድር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የትኛው ላይ ነው ውሃውን በንጽህና ለመያዝ የሚቀለኝ? መለኪያዎቹን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል አስቀምጧቸዋል። ሙቀት ከ40 ዲግሪ አይበልጥ። ክሎሪን ቢያንስ 3 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ሦስት እጅ) ይሁን፤ በክሎሪን ፋንታ ብሮሚን ከሆነ ከ4 እስከ 8። ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ከ7.0 እስከ 7.8። እነዚህን በመመርመሪያ ወረቀት ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። ነክሮ ከሳጥኑ ቀለም ጋር ማስተያየት ነው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የሚነፋው ወይስ አክሪሊኩ?

ብዙ ሰው የሚያመነታው በእነዚህ በሁለቱ መሀል ነው። የሚነፋው ርካሽ ነው፣ ተጣጥፎ ይቀመጣል፣ ሶኬት ላይ ይሰካል። አክሪሊኩ ከባድ ነው፣ ጠንካራ መሬት ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚዘረጋለት የራሱ መስመርና ብሬከር ያስፈልገዋል።

ከጤና አንጻር ልዩነታቸው የሚጀምረው ከመጠናቸው ነው። ውሃ መቼ ይቀየር ለሚለው የሚሠራበት የግምት ዘዴ አለ፦ ሊትሩን ለ12 አካፍሉ፣ የወጣውን በቀን ለሚገባው ሰው ብዛት አካፍሉ። የሚገኘው የቀን ብዛት ነው። 800 ሊትር የሚይዝ የሚነፋ ገንዳ ውስጥ በየቀኑ ሁለት ሰው ቢገባ ውሃው የሚቆየው ወደ 33 ቀን ነው። 1,500 ሊትር የሚይዘው አክሪሊክ ግን 62 ቀን ይሄዳል። የሚነፋው ማጣሪያም ትንሽ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ካላጠባችሁት ይደፈናል። ከተደፈነ በኋላ ክሎሪን ብትጨምሩም ብዙ አይረዳም።

ታዲያ አክሪሊኩ አሸነፈ? ቆይ። ያ ሻጭ የቆጠረላችሁ 50 ጄት ዝም ብሎ አልተሰካም። ለእያንዳንዱ ቧንቧ ተዘርግቶለታል። ጄት በበዛ ቁጥር ቧንቧ ይበዛል፤ ቧንቧ በበዛ ቁጥር ደግሞ ውስጡ ዝልግልግ የሚይዝበት ቦታ ይበዛል። ያ ዝልግልግ ባክቴሪያ የሚሸሸግበት ነው፤ ክሎሪንም በቀላሉ አይደርስበትም። አንድ ጊዜ ያገለገለ አክሪሊክ ልገዛ ሄጄ ነበር። ላዩ መስታወት ይመስላል። ከውሃው መስመር ዝቅ ብዬ ግድግዳውን በጣቴ ሳሸት ግን እንደ እንቁላል ነጭ ሙልጭ አለኝ። ባለቤቱ «እሱ ሳሙና ነው» አለ። አመስግኜ ወጣሁ። አክሪሊክ ያለው ሰው ውሃውን ከመድፋቱ በፊት የቧንቧ ማጽጃ ጨምሮ ጄቱን ማስኬድ አለበት፤ ሲወጣ የምታዩት አረፋ ራሱ ያስተምራችኋል። በእኔ ምርጫ 20 ጄት ያለው ከ50ው ይሻላል። ጀርባም አያማርርም።

የሚነፋው በበኩሉ አረፋ ነው የሚያወጣው። አረፋው ላይ ሲፈነዳ ውሃውን ወደ አየር ያነሳዋል። ስለዚህ እሱን ዝግ ክፍል ውስጥ አትትከሉ። አየር የማይገባበት ክፍል ውስጥ ያለ ጃኩዚ ሌላም ጣጣ አለው። ከሳንባ ነቀርሳ ጀርም ጋር የሚዛመዱ ባክቴሪያዎች በእንፋሎቱ እየገቡ ሳንባን ያስቆጣሉ። ሐኪሞች «የጃኩዚ ሳንባ» የሚሉት ነው።

የኤሌክትሪኩን ነገር ባጭሩ ልበል። የሚነፋው ገመዱ ላይ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱን የሚያጠፋ መከላከያ ከሌለው አትግዙት። በኤክስቴንሽንም አታገናኙት።

ልጅ ካላችሁ ክዳኑን አስቡ። አክሪሊኩ ቁልፍ ያለው ጠንካራ ክዳን አለው። የሚነፋው ለስላሳ ሽፋን ነው፤ ማያያዣው ካልተቆለፈ ልጅ ይከፍተዋል። ሌላው ውሃ የሚመጠጥበት ወንፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የቀድሞው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ቤከር የ7 ዓመት የልጅ ልጅ ጃኩዚ ውስጥ መምጠጫው ይዟት ሞታለች። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የአሜሪካ ሕግ በስሟ ነው የተጠራው። አሮጌ አክሪሊክ ስትገዙ ወንፊቱ ያልተሰነጠቀ፣ ብሎኑ ያልላላ መሆኑን እዩ። ወንፊቱ ከወለቀ አትግቡ። ጸጉር ረጅም ከሆነ ይታሰር።

በእንጨት የሚሞቀው

ያምራል። አልክድም። ጭሱ፣ የእንጨቱ ሽታ፣ ፀጥታው። ግን ቴርሞስታት የለውም፤ እሳት 40 ላይ ቁም ቢሉት አይሰማም። አንዴ ወዳጆቼ ጋ ስገባ ተንሳፋፊው ቴርሞሜትር 38 ይላል። ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ከምድጃው በኩል ያለው ውሃ ግን ጭኔን ለበለበኝ። ለካ ውሃው አልተማሰለም፤ አንዱ ጥግ ሌላ፣ ሌላው ጥግ ሌላ ነው። ሃያ ደቂቃ ቆይቼ ብድግ ስል ዓይኔ ጨለመ፤ ጠርዙን ባልይዝ እወድቅ ነበር። ሙቀት የደም ሥር ያሰፋል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። ባንዴ ስትነሱ ደም ወደ ጭንቅላት ቶሎ አይደርስም። ስለዚህ በመቅዘፊያ አማስሉ፣ በሁለት ቦታ ለኩ፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ።

ብዙ የእንጨት ገንዳ ማጣሪያ የለውም። እንጨቱ ራሱ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ባክቴሪያ ይደበቅበታል። በየጊዜው ሙሉ በሙሉ ደፍታችሁ፣ ፍቃችሁ፣ አድርቃችሁ የምትሞሉት ከሆነ ጥሩ። «ዛሬ ይቆይ፣ ነገ እናሞቀዋለን» የምትሉ ከሆነ ይቅርባችሁ።

የመታጠቢያ ቤቱ ጄት ያለው ገንዳ

ይኼ የተናቀ ነው፤ ለሰነፍ ግን ከሁሉም የተሻለው ይመስለኛል። ገብታችሁ ስትወጡ ውሃው ይፈሳል። የሚጠበቅ ክሎሪን የለም። ችግሩ ቧንቧው ውስጥ የሚቀረው ትንሽ ውሃ ነው። ሁለት ወር ያልተነካውን ሞልታችሁ ጄቱን አብሩት፤ ጥቁር ቅንጣት እየተወዛወዘ ይወጣል። የውስጥ ቧንቧው ልባስ ነው። በየጊዜው በሙቅ ውሃና አምራቹ በፈቀደው ማጽጃ አሂዳችሁ ድፉት። ከቻላችሁ ውሃ ሳይሆን አየር ብቻ የሚገፋውንና ከተጠቀሙበት በኋላ ቧንቧውን ራሱ የሚያደርቀውን ምረጡ። ከቧንቧ የሚመጣው ሙቅ ውሃ 60 ዲግሪ ሊደርስ ስለሚችል ሳትለኩ አትግቡ።

ክሎሪን፣ ብሮሚን፣ «ኬሚካል አልባው»

ክሎሪን ፈጣን ነው፣ ግን ሙቅ ውሃ ውስጥ አይቆይም። ብሮሚን ሙቀት ይችላል፣ ሽታውም ለዘብ ይላል፤ ፀሐይ ግን ትጨርሰዋለች። ክዳኑ ሁልጊዜ የሚዘጋ ከሆነ ብሮሚኑን እመርጣለሁ። «የጨው ውሃ ስለሆነ ኬሚካል የለውም» ካሏችሁ አትመኑ፤ ማሽኑ ከጨው ክሎሪን ነው የሚሠራው። ኦዞን የሚባለው ጋዝና ዩቪ የሚባለው ጨረር ያግዛሉ፣ ግን ውሃው ውስጥ የሚቆይ መከላከያ አይተዉም። ክሎሪኑ አይቀርላችሁም።

አፍንጫ የሚሰነፍጥ የክሎሪን ሽታ የንጽህና ምልክት ይመስላል። ተቃራኒው ነው፤ ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ተዋህዶ የሚሰጠው ሽታ ነው። ሁለት ዓይነት ኬሚካል ባንድ ዕቃ አትቀላቅሉ፤ ሊቃጠል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ኬሚካሉን ወደ ውሃ ጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ ኬሚካል አትጨምሩ።

ማን ይግባ፣ ማን ይቅር

ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ የሰውነት ሙቀት መጨመር ለጽንሱ አደጋ አለው። ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትግባ። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይግባ። የልብ ሕመም ወይም የግፊት መድኃኒት ያለበትም ሐኪም ይጠይቅ። መጠጥ ከጃኩዚ ጋር አይሄድም፤ እንቅልፍ ይወስዳል። ተቅማጥ ያለበት ሰው ፈጽሞ አይግባ። 40 ዲግሪ ላይ 15 ደቂቃ ይበቃል።

ከገባችሁ ከቀናት በኋላ የዋና ልብሱ በሸፈነው ቦታ ቀይ የሚያሳክክ ሽፍታ ቢወጣ አትደንግጡ። ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ልብሱን እጠቡ፣ እናንተም በሳሙና ታጠቡ፣ ውሃውን ለኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ጃኩዚ ውስጥ መግባታችሁን ሳትነግሩት አትውጡ።

የእኔ ምርጫ

በየቀኑ የምትገቡና ውሃ መለካት የማይሰለቻችሁ ከሆናችሁ አክሪሊክ፣ ጄቱ ጥቂት የሆነውን። በሙቀት ወራት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ከሆነ የሚነፋው፤ ሲያበቃ አድርቃችሁ አጣጥፉት። ቤት ውስጥ ወረቀቷን የሚነክር አንድም ሰው ከሌለ የመታጠቢያ ቤቱ። የእንጨቱን ለሚያፈቅሩት ትቼዋለሁ።

ሱቅ ስትሄዱ መመርመሪያ ወረቀት በኪሳችሁ ያዙ። ማሳያው ገንዳ ጄቱ ከመከፈቱ በፊት ንከሩት። ወረቀቱ ቀለሙን ካልቀየረ ሻጩ ጄቱን እንዳይከፍተው ንገሩት፤ ከዛ ከገንዳው ራቅ በሉ።