ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ፦ ትምህርቱ የተመሰገነ፣ ቤቱ የሚያማርር

በዩታ ግዛት ፕሮቮ ከተማ የሚገኘው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ፣ በተለምዶ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የምትባለው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው። የተመሠረተው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1875 ሲሆን፣ ምእመናን የሚያወጡት አሥራት ስለሚደጉመው ክፍያው ከሌሎች የአሜሪካ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝቅተኛ ነው። የቤተ ክርስቲያኗ አባል ያልሆነ ተማሪ እጥፍ ይከፍላል፤ ያም ሆኖ ዋጋው ብዙ ወላጅ የሚያጓጓ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይህንኑ ዋጋ አይተው ስለሚጠይቁኝ፣ የእህቴን ልጅ እዚያ ሳስገባና ሳግዝ ያየሁትን ከታወቀው የተቋሙ ታሪክ ጋር አዋህጄ ግምገማዬን አቀርባለሁ። ስለ ትምህርቱ ጥራት የማነሳው ቅሬታ የለኝም።

ማንኛውም ተማሪ ከመግባቱ በፊት የሚፈርምበት የክብር ደንብ አልኮልን፣ ትምባሆን፣ ከጋብቻ ውጭ የሚደረግ ግንኙነትን ብቻ ሳይሆን ሻይና ቡናንም ይከለክላል። ክልከላው ከግቢው ውጭም ይሠራል፤ ስለዚህ ልጂቱ ለበዓል ወደ ቤቷ መጥታ እናቷ ባፈላችው ቡና አንድ ሲኒ ብታነሳ ደንቡን ጥሳለች ማለት ነው። ወንዶች ጢም ማሳደግ አይፈቀድላቸውም፤ በሃይማኖት ወይም በሕክምና ምክንያት ፈቃድ የሚጠይቁበት አሠራር ግን አለ። ከሁሉ በላይ ተማሪው በየዓመቱ ከሃይማኖት አባት የድጋፍ ማረጋገጫ ማምጣት አለበት። ይህን ለቤተ ክርስቲያኗ ተማሪ የሚሰጠው ደመወዝ የማይከፈለው የአጥቢያው መሪ ሲሆን፣ የሌላ እምነት ተከታይ የሆነው ደግሞ ከራሱ ቤተ እምነት አገልጋይ ማጻፍ ይችላል። ለኦርቶዶክስ ልጅ የንስሐ አባቱ ሊፈርሙለት ይችላሉ ማለት ነው፤ ይህ የሚመሰገን አሠራር ነው።

እስከዚህ ድረስ ብዙ ወቀሳ የለኝም፤ አስቀድሞ ተነግሮት፣ አንብቦ የፈረመ ሰው ቡና ተከለከልኩ ብሎ ቢያማርር ሰሚ አያገኝም። ችግሩ የሚጀምረው ደንቡ ተማሪውን ተከትሎ ወደ መኝታ ቤቱ ሲገባ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ለበርካታ አሥርት ዓመታት ያላገቡ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በግቢው ዶርም ወይም ከእርሱ ጋር ውል በገቡ የግል አከራዮች ቤት ብቻ እንዲኖሩ ሲያስገድድ ቆይቷል። ወንድና ሴት ተለያይተው ይኖራሉ፤ በግል አከራዮች ቤት ተቃራኒ ጾታ ያለው እንግዳ ከሳሎንና ከወጥ ቤት አያልፍም፤ መታጠቢያ ቤትም ቢሆን አስቸኳይ ሁኔታ ወይም ጨዋነት ካላስገደደ በቀር አይጠቀምም። የጉብኝቱ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል፤ ዓርብ ብቻ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በፈረንጆች ሰዓት እስከ 1:30 ይራዘማል። ቅዳሜ ያልተራዘመው የሚነጋው ሰንበት ስለሆነ ይመስለኛል። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ሕግ በጾታ ለይቶ ማከራየትን ስለሚከለክል ይህ አሠራር በአገሪቱ የፍትሕ ሚኒስቴር ዘንድ ጥያቄ አስነሥቶ ነበር፤ ጉዳዩም በ1978 ለተማሪዎች በሚከራዩ ቤቶች ላይ መለየቱን በሚፈቅድ ስምምነት ተቋጭቷል።

ተከራይ ሌላ ምርጫ እንደሌለው የሚያውቅ አከራይ ግን ቤቱን ለማደስ አይቸኩልም። የእህቴ ልጅ የገባችበትን የአንድ የግል አከራይ ቤት (ስሙን አልጠቅስም) ለምሳሌ ላንሳ። ስድስት ሴት ልጆች በሦስት መኝታ ክፍል ተጋርተው ይኖራሉ፤ ማቀዝቀዣው አንድ በመሆኑ በየመደርደሪያው ላይ ስማቸውን በፕላስተር ለጥፈዋል፤ የሽሮዋ ዕቃ ከወተት ጠርሙሶች ጀርባ ተሸጉጦ አገኘሁት። በመታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ላይ የበቀለውን ሻጋታ ደጋግማ ብታመለክትም አከራዩ በቀለም ሸፈነው እንጂ አላስጠገነውም። የመኪና ማቆሚያው ከተከራዮቹ ቁጥር ያነሰ ስለሆነ፣ ተለጣፊ ፈቃድ የሌለው የእንግዳ መኪና በጎታች ተጭኖ ይወሰዳል፤ ለማስለቀቅ የሚጠየቀው ገንዘብም ያስደነግጣል።

የበለጠ ያስቸገረን የኪራይ ውሉ ነው። ውሉ ለሁለት ሴሚስተር የተፈረመ በመሆኑ መልቀቅ የፈለገ ተማሪ በእርሱ ቦታ የሚገባ ሌላ ሰው ራሱ ፈልጎ ውሉን «መሸጥ» ይኖርበታል፤ ገዢውም ያው ጾታና ያው ደንብ የሚመለከተው መሆን አለበት። በዓመቱ አጋማሽ ብዙዎች ስለሚያገቡና ስለሚመረቁ ሻጩ በዝቶ ገዢው ያንሳል። ልጂቱ ገዢ እስክታገኝ ያልኖረችበትን ቤት ኪራይ ከፈለች፤ ስታገኝም አከራዩ የስም ማዛወሪያ ብሎ ተጨማሪ አስከፈላት።

የቤት ደንብና የዲሲፕሊን ደንብ መያያዛቸው ከገንዘብ የከፋ ጉዳትም አድርሷል። በ2016 የጾታ ጥቃት የደረሰባቸው ተማሪዎች ጥቃቱን ሲያመለክቱ በክብር ደንብ ጥሰት ራሳቸው እንደሚመረመሩ ይፋ ወጣ። ከተፈቀደው ሰዓት በኋላ ወንድ ቤት የተገኘች ልጅ ተበደልኩ ለማለት መጀመሪያ ጥፋተኛነቷን ማመን ነበረባት። ጉዳዩን የዘገበው ሶልት ሌክ ትሪቢዩን ጋዜጣ በ2017 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲውም ቀደም ብሎ በ2016 መገባደጃ ላይ ጥቃት የሚያመለክቱ ተማሪዎች በደንብ ጥሰት እንዳይቀጡ ወስኗል። በ2019 የጸደይ ወራት ደግሞ ተማሪዎች ሰልፍ ከወጡ በኋላ፣ የክብር ደንቡ ጽሕፈት ቤት የተጠራ ተማሪ በምን እንደተከሰሰ ከመጀመሪያው እንዲነገረው ተደርጓል። ይህ ሁሉ መሻሻል ነው፤ ሆኖም ተማሪዎች ጮኸው፣ ጋዜጣ ጽፎ የመጣ እንጂ በተቋሙ በጎ ፈቃድ የመጣ አይደለም።

አንድ ነገር አሁንም አይዋጥልኝም። ከመጀመሪያው የሌላ እምነት ተከታይ ሆኖ የገባ ተማሪ ያለ ችግር ይማራል፤ የቤተ ክርስቲያኗ አባል ሆኖ ገብቶ በመካከል አባልነቱን በይፋ የለቀቀ ግን በመደበኛው አሠራር የድጋፍ ማረጋገጫውን ያጣል፤ ያን ካጣ ደግሞ ትምህርቱን መቀጠል አይችልም፤ ለተማሪ ብቻ የሚከራየው ቤትም ከእጁ ሊወጣ ይችላል። በሃያ ዓመቱ እምነቱን የሚመረምር ወጣት እንዲህ ባለ ሁኔታ የልቡን ለማን ይናገራል?

ለትምህርቱ ከአምስት አራት ኮከብ፣ ለመኖሪያው ሁለት ሰጥቻለሁ። ልጁን ለመላክ የወሰነ ቤተሰብ የኪራይ ውሉን ከመፈረሙ በፊት አራት ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ፦ ተማሪው ከትምህርት ቢታገድ ውሉ ምን ይሆናል፣ ውሉን ለሌላ ለማዛወር ስንት ይከፈላል፣ ማስያዣው በስንት ቀን ይመለሳል፣ የመኪና ማቆሚያስ በእርግጥ ለልጁ ይደርሰዋል ወይ። ከመግባቱም በፊት የመታጠቢያ ቤቱን ጣሪያ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ፣ ቀኑ የሚታይበትን ምስል ለአከራዩ በኢሜይል ይላክለት።