ለድንገተኛ ክፍላችን ሲስተር ምስጋና፣ ኢሲጂ ማንበብ ለሚከብዳችሁ ደግሞ ጥቆማ

አብራን ድንገተኛ ክፍል የምትሠራ አንዲት ነርስ አለች። «ስሜን እንዳትጽፊ» ስላለችኝ አልጽፍም፣ ሳላመሰግናት ግን አላልፍም። ተረኛ ነርሶች፣ ኢንተርኖች፣ ጀማሪ ሐኪሞች፣ የኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ምርመራ) ወረቀት እጃችሁ ላይ ሲገባ የምትጨነቁ ከሆነ ይህ ጥቆማ ለእናንተ ነው።

ሲስተር ከፈረቃ በኋላ ቁጭ ብላ አዲስ የመጣውን ሁሉ ታስተምራለች። ማንም አላዘዛትም፣ ተጨማሪ ክፍያም የላትም። ድካሟን ፊቷ ላይ እያየን እንኳን «ኑ፣ አንድ ወረቀት እንይ» ትለናለች።

ትምህርቷ የሚጀምረው ከሞገዱ ሳይሆን ከሰዓቱ ነው። የደረት ሕመም ያለው ሰው በር ከገባ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ ተነስቶ፣ ማንበብ የሚችል ሰው ዓይን ሊያርፍበት ይገባል። ካርድ ማውጣቱ፣ ወረፋው፣ ሌላው ሁሉ ይደርሳል። ደረት ሲባል ደግሞ ደረት ብቻ አይደለም። መንጋጋ፣ ትከሻ፣ የሆድ የላይኛው ክፍል፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ በተለይ ሴቶች፣ አዛውንቶችና የስኳር ሕመምተኞች ላይ ሀርት አታክ በእነዚህ ብቻ ሊመጣ ይችላል። ትሪያጅ (በሽተኛ እንደ አጣዳፊነቱ የሚለይበት ቦታ) ላይ ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህችን ያዙ።

ቀጥሎ አለጣጠፉ ነው። ደረት ላይ ከሚለጠፉት መካከል ቪ1 እና ቪ2ን ብዙዎቻችን ከቦታቸው ከፍ አድርገን ነው የምንለጥፈው፣ ያ ደግሞ የሌለ በሽታ ሊያሳይ ይችላል። ሲስተር ጣትሽን ይዛ ደረት አጥንቱ ላይ፣ ከጉሮሮ ጉድጓድ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለችውን ጉብታ ታስነካሻለች። ሁለተኛው የጎድን አጥንት የሚገጥመው እዚያ ነው። ከዚያ ወደታች ታስቆጥርሻለች፤ በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ስትደርሺ «እዚህ» ትላለች። አንዴ በጣት ከተማርሽው አይጠፋሽም።

ወረቀቱ ሲወጣ ከሁሉ በፊት የምታደርገው ነገር አለ፤ ማሽኑ ራሱ የጻፈውን የላይኛውን መስመር አጥፋ ወደ ኋላ ታዞረዋለች። «ኖርማል» የሚል ጽሑፍ ቀድሞ ከታየ ዓይን ይሰንፋል ባይ ናት። እኔም አምኛታለሁ። ከዚያ መለኪያው ይመጣል። ጎረቤት በሆኑ 2 ሊዶች (ልብን ከተለያየ አቅጣጫ የሚያሳዩ መስመሮች) ላይ ኤስቲ (ከትልቁ ሞገድ ቀጥሎ ያለው ክፍል) 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ካለ አስደንጋጭ ነው። ቪ2 እና ቪ3 ግን የራሳቸው ልክ አላቸው፦ 40 ዓመት ለሞላውና ከዚያ በላይ ለሆነ ወንድ 2፣ ከ40 በታች ለሆነ ወንድ 2.5፣ ለሴት 1.5 ሚሊ ሜትር። ይህን በቃሏ ታስወጣናለች።

ቁጥሩን ግን ማንም ሊሸመድደው ይችላል። የእሷ ችሎታ ቁጥሩ ገና ሳይሞላ ማየቷ ነው።

አንድ ምሽት «ጨጓራዬ ነው፣ መድኃኒት ስጡኝና ልሂድ» የሚል ታካሚ መጣ። ላብ አጥምቆታል። ኢሲጂ ተነሳ፣ ማሽኑ ኖርማል አለ። ሲስተር ወረቀቱን መብራት ስር አድርጋ ኤቪኤል የሚባለው ሊድ ላይ ቆመች። ኤስቲው ትንሽ ወርዷል፣ ቲውም (ከኤስቲ ቀጥሎ ያለው ሞገድ) ተገልብጧል። ይህ ሊድ ልብን የሚያየው ከሊድ 3 በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ የልብ የታችኛው ግድግዳ መጎዳት ሲጀምር አንዳንዴ ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው። «ከአልጋው እንዳይወርድ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይደገም» አለች፤ ሐኪሙንም ጠራችው። ሲደገም ሊድ 2፣ ሊድ 3 እና ኤቪኤፍ ከፍ ብለዋል፣ ከሁሉም ሊድ 3 ይበልጣል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የቀኙ የልብ ደም ሥር መዘጋቱን ይጠቁማል።

አንዱ ናይትሮግሊሰሪን (የደም ሥር የሚያሰፋ መድኃኒት) ለማምጣት ሲነሳ «ቆይ!» አለችውና ቪ4ን ወደ ቀኝ ደረት አዙራ አስነሳች። እሱም ከፍ ብሏል። የቀኙ የልብ ክፍል በተጎዳበት ሰው ናይትሮግሊሰሪን የደም ግፊትን ክፉኛ ሊጥለው ስለሚችል ቀረ። አስፕሪን አኝኮ ዋጠ፣ የትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ጉዳትን የሚያሳይ የደም ምርመራ) ውጤት ሳይጠበቅ ለልብ ቡድኑ ተደወለ፣ የተዘጋው ሥር በባሉን ተከፈተለት። በኋላ በእግሩ ሄዶ ነው የወጣው። ያን ወረቀት ሌላ ሰው ቢያየውስ ኖሮ እያልኩ እስካሁን አስባለሁ።

ሌላም ብዙ አለ። ቪ1 እስከ ቪ3 ላይ ኤስቲ ሲወርድ «ለልብ የሚደርሰው ደም አንሶ ነው» ብሎ ከማለፍ በፊት ቪ7፣ ቪ8 እና ቪ9ን ጀርባ ላይ ለጥፎ ማየት እንደሚያስፈልግ ከእሷ ነው የሰማሁት፤ የኋላው ግድግዳ ሲጎዳ ከፊት የሚታየው ግልባጩ ነው። የልብ ሐኪሙ እነ ቬለንስ በ1982 እ.ኤ.አ. የገለጹትንም ደጋግማ ታስተምራለች። ሕመሙ ለቆት የተቀመጠ፣ እየሳቀ የሚያወራ ሰው ቪ2 እና ቪ3 ላይ ቲው ወጥቶ ከወረደ ወይም በጥልቀት ከተገለበጠ፣ የግራው የፊት ደም ሥር ከመነሻው አካባቢ ክፉኛ ጠብቦ ሊሆን ይችላል። «ተሽሎታል» ተብሎ ወደ ቤት አይላክም፣ ለምርመራ ተብሎ ትሬድሚል (የመሮጫ ማሽን) ላይም አይወጣም። ሕመሙ ያልለቀቀው ሰው ደግሞ የመጀመሪያው ኢሲጂ ንጹሕ ቢሆንም በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ይደገምለታል። አሮጌ ኢሲጂ ካለውም ተፈልጎ ይነጻጸራል።

የምወድላት ደግሞ ጥያቄ አትንቅም። ሦስቴ ብትጠይቂያት ሦስቴም እንደ አዲስ ታስረዳሻለች። ያልገባውን ሰው ሰው ፊት አታሳፍርም፣ ከሐኪም ጋር ስትከራከርም ወረቀቱን አስቀምጣ በጣቷ እያሳየች ነው እንጂ ድምጿን ከፍ አድርጋ አይደለም። ሲስተርዬ፣ እጅሽ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

መማር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ነርስም ሁኑ ሐኪም ለውጥ የለውም። በጥቂት ሰው ማስተማር ስለምትመርጥ ተራ መጠበቅ ሊኖር ይችላል። ስትመጡ ከመጽሐፍ የተነሳ ፎቶ ሳይሆን ተረኛ ሆናችሁ ግራ ያጋባችሁን ኢሲጂ ይዛችሁ ኑ፤ የታካሚውን ስምና የካርድ ቁጥር ሸፍኑት፣ ሕመሙ የጀመረበትንና ኢሲጂው የተነሳበትን ሰዓት ግን ጻፉበት፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።