ጎልፍ ጂቲአይ ይዤ ጎንደር ላይ ጎማ ስቀይር፦ ከ18 ወደ 17 ኢንች ቸርኬ ወርጄ ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4 አስገጠምኩ

ፈጣን መኪና ይዛችሁ ጎንደር ላይ ጎማ ልትቀይሩ ስትወጡ ምክር በሽ ነው፣ ችግሩ ምክሩ ሁሉ ለቪትዝና ለኮሮላ የሚሆን ነው። እኔ የያዝኩት ጎልፍ 6 ጂቲአይ ነው፣ 2.0 ቱርቦ፣ 210 የፈረስ ጉልበት፣ ጉልበቱ በሙሉ የሚወጣው በፊት ሁለት እግሮች ነው፣ ስለዚህ የፊት ጎማው ደካማ ከሆነ ያ ሁሉ ሞተር ምንም አይሰራም ዝም ብሎ ይሽከረከራል። አሁን ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4 አስገጥሜ በጋውንም ክረምቱንም ነድቼበታለሁ። ፍርዴን መጀመሪያ ልናገር፦ ጎንደር ላይ እንደዚህ አይነት መኪና ያለው ሰው ቸርኬውን ከ18 ወደ 17 አውርዶ ብሩን ጥሩ ጎማ ላይ ቢያወጣ ይሻለዋል። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከታገደ ወዲህ ደግሞ ያለንን መኪና መንከባከብ ግድ ነው፣ ሌላ ጂቲአይ ከየት ይመጣል።

መኪናው የመጣው 18 ቸርኬ ላይ 225/40 ተገጥሞለት ነው። ያምራል፣ አልክድም። ግን 40 ማለት የጎማው ጎን ከፍታ የስፋቱ 40 ፐርሰንት ነው ማለት ነው፣ ከ225 ሚሊ ላይ 90 ሚሊ ይመጣል። ቸርኬውንና ድንጋዩን የሚለያያቸው 9 ሳንቲም ብቻ ነው። ከተማችንን ታውቁታላችሁ፣ ከፒያሳ ወጣ ስትሉ ኮብልስቶን ነው፣ ቦታ ቦታ ላይ ድንጋዩ ተነቅሎ የቀረው ጠርዙ እንደቆመ ነው፣ ክረምት ላይ ደግሞ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላና ጥልቀቱ አይታይም። 40 ጎማ እዚያ ውስጥ ሲገባ ጎኑ በቸርኬውና በድንጋዩ መሀል ይጨፈለቃል፣ ውስጡ ያለው ክር ይበጠሳል፣ ከዚያ ጎኑ ላይ እባጭ ይወጣል። እባጭ ያወጣ ጎማ አይጠገንም፣ በቃ ይጣላል። "ችግር የለውም ንዳው" የሚል ሰው ካገኛችሁ አትስሙት፣ ያ እባጭ ማለት ጎማው በዚያ በኩል የሚሸከመው ክር የለውም ማለት ነው፣ በ100 ስትነዱ ሊፈነዳ ይችላል።

17 ላይ ልኩ 225/45 ነው፣ ጎኑ 101 ሚሊ ይሆናል። 11 ሚሊ ትንሽ ይመስላል ግን ኮብልስቶን ላይ ከመጀመሪያው ደቂቃ ይታወቃል፣ መሪው ላይ የነበረው መንቀጥቀጥ ቀንሷል፣ ቸርኬው "ጓ" አይልም። የሙሉው ጎማ ቁመት ደግሞ ብዙም አልተነካም፣ የ18ቱ 637 ሚሊ አካባቢ ነው የ17ቱ 634፣ የፍጥነት ቆጣሪው አይዋሽም፣ ፍሬን ስትይዙ ጎማው እንዳይቆልፍ የሚያደርገው ኤቢኤስም አይረበሽም። ፋብሪካውም ለዚህ መኪና 17 ያወጣለት ነበር፣ ስለዚህ ፍሬኑን ይነካል ብላችሁ አትስጉ። ቸርኬ ስትገዙ ብሎኑ 5 በ112 (አምስት ብሎን 112 ሚሊ ክብ ላይ) መሆኑን፣ የመሀል ቀዳዳው 57.1 ሚሊ መሆኑን እዩ፣ ቀዳዳው ከሰፋ መሀል ላይ የምትገባ ቀለበት ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ የፈለገ ባላንስ ቢሰራ ይንቀጠቀጣል። የምትለቁት ነገር አለ ወይ ካላችሁ አዎ አለ፣ 18ቱ ላይ መሪውን ስትነኩት መኪናው ወዲያው ነበር የሚታዘዘው፣ አሁን ትንሽ ለስለስ ብሏል። እሱን ለቅቄ ጤነኛ ቸርኬ ማግኘቴን እመርጣለሁ።

ሳይዙን ከወሰናችሁ በኋላ ፊደሏን እዩ። ይሄን ብዙ ሰው ይዘላታል። ከሳይዙ ቀጥሎ ለምሳሌ 94 ዋይ ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሩ አንድ ጎማ የሚሸከመው ክብደት ነው፣ 91 ማለት 615 ኪሎ፣ 94 ማለት 670 ኪሎ። ፊደሉ ደግሞ የፍጥነት ደረጃ ነው፣ ኤች 210፣ ቪ 240፣ ደብሊው 270፣ ዋይ 300 ኪሎሜትር በሰዓት። "ጎንደር ላይ ማን 240 ይነዳል" ብሎ ኤች ሊሸጥላችሁ የሚፈልግ ነጋዴ አይጠፋም። እኔም 240 አልነዳም፣ ማንም እንዲነዳ አልፈልግም። ግን ፊደሉ የሚነግራችሁ ጎማው ሙቀትን እንዴት እንደሚችል፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ቁልቁለት ላይ ሲጨነቅ ቅርጹን እንደሚጠብቅ ነው። ሊማሊሞን ሻንጣና አራት ሰው ይዛችሁ ውረዱ፣ ያ ሁሉ መታጠፊያ ላይ ፍሬን እየያዛችሁ፣ የጎማ ጎን ጠንካራ መሆን ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ይገባችኋል። ይሄ መኪና በፋብሪካው ወረቀት 240 አካባቢ ስለሚሄድ ቪ ጫፉ ላይ ነው፣ ደብሊው ወይ ዋይ ውሰዱ። ኤክስኤል (የተጠናከረ) የሚል ካለው ደግሞ የበለጠ ይሸከማል፣ ለኛ መንገድ እሱ ጥሩ ነው።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ እኛን ኢትዮጵያውያንን ለብቻችን የሚመለከት ነገር ስለሆነ በደንብ አንብቡት። ጎማው ጎን ላይ ዶት የሚል አለ፣ መጨረሻው ላይ አራት ቁጥር አለ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሰራበት ሳምንት ናቸው የኋለኞቹ ዓመተ ምህረቱ። አንድ ሱቅ ውስጥ 3516 የሚል ጎማ አውጥተው "የ2016 ነው፣ አዲስ ነው" አሉኝ። 2016 እውነት ነው፣ ግን የፈረንጅ 2016 ነው! በኛ ነሐሴ 2008 ማለት ነው። በኛ 2016 የተሰራ ጎማ ቢሆን መጨረሻው ላይ 23 ወይ 24 ነው የሚለው። ሻጩ ሆን ብሎ ይሁን ሳያውቅ አልፈርድበትም፣ ግን ስምንት ዓመት ልዩነት ነው። ላስቲክ ተቀምጦም ይደርቃል፣ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ፣ ላስቲኩ እያብረቀረቀ፣ ዝናብ ላይ ግን አይዝም። ሚሽሊን ራሱ ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፣ ጥርስ ቢኖረውም ከተሰራ ከ10 ዓመት በላይ አትጠቀሙበት ይላል። ያገለገለ ጎማ የምትገዙም ይቺን ቁጥር ሳታዩ ብር አትቁጠሩ። አንዳንዱ ያገለገለ ጎማ ደግሞ ተራራና የበረዶ ምልክት ያለበት የአውሮፓ ክረምት ጎማ ነው፣ እሱ የሚሰራው ቅዝቃዜው ከ7 ዲግሪ በታች ለሆነ አገር ነው፣ ጎንደር ፀሐይ ላይ ይለሰልሳል ቶሎም ያልቃል።

ከነኮንቲኔንታል ፕሪሚየም ኮንታክት 6 እና ጉድይር ኢግል ኤፍ1 ጋር አወዳድሬ ነው ሚሽሊኑን የወሰድኩት፣ እውነቱን ለመናገር ሦስቱም ለዚህ መኪና የሚሆኑ ናቸው፣ በቅርብ ጊዜ የተሰራውን ያገኛችሁትን ውሰዱ። አዲሱ ፓይለት ስፖርት 5 ከፈረንጅ 2022 ጀምሮ ወጥቷል፣ ካገኛችሁ እሰየው። ፓይለት ስፖርት 4ኤስ የሚባለው በአብዛኛው ከ18 ኢንች ጀምሮ ነው ስለዚህ 17 ላይ አትድከሙበት። ጎን ላይ የሚጻፈው ትሬድዌር የሚባል፣ ጎማው ስንት እንደሚቆይ የሚያሳይ ቁጥርም አያታልላችሁ፣ ስፖርት ጎማ 300 አካባቢ ነው የሚውለው፣ 500 ስላለ ይበልጣል ማለት አይደለም፣ ቁጥሩን የሚሰጠው ፋብሪካው ራሱ ስለሆነ የአንዱን ከሌላው ጋር ማወዳደር ከባድ ነው፣ ደግሞም ብዙ የሚቆየው ብዙ ጊዜ የሚይዘው ያነሰ ነው። ዋጋ አልጽፍላችሁም፣ ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለነገ አይሆንም። እኔ ያስመጣሁት ከመርካቶ በጭነት ነው፣ ከመጫኑ በፊት የአራቱንም ዶት ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ ብዬ ነው የከፈልኩት፣ እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

እና እንዴት ነው ጎማው? ዝናብ ላይ የሚገርም ነው። ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ አዲስ ዘመንን አልፋችሁ ፎገራ ሜዳ ላይ ክረምት ውሃ አስፋልቱ ላይ ይተኛል፣ ድሮ እዚያ መሪው ቀለል ይለኝና ጎማው ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ይሰማኝ ነበር፣ አሁን ውሃውን ቆርጦ ያልፋል መሪውም እንደከበደ ነው። በደባርቅ መንገድ ደግሞ አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ጉም ሲወርድ ከየት መጡ ሳይባል አህያና ከብት መንገድ ላይ ናቸው፣ አንዴ ላም ከነጥጃዋ መሀል ላይ ቆማ ፍሬኑን እስከመጨረሻው ረገጥኩት፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ወደ ጎን እንኳን አላለም። ለኔ ብሩን የመለሰልኝ ያ ፍሬን ነው። ከማዞሪያ ሲወጣ ነዳጅ ስትሰጡት የፊት ጎማው መንሸራተቱ ቀርቷል ባልልም በጣም ቀንሷል። ጉድለቱን ልናገር፣ ሻካራ አስፋልት ላይ ድምፅ አለው፣ ጠጠር ቦዩ ውስጥ ይሰካበታል፣ የፊቶቹ ከኋላዎቹ ቶሎ ይበላሉ። አዲስ ሲሆን ደግሞ ላዩ ትንሽ ስለሚያንሸራትት ለመጀመሪያ ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ረጋ ብላችሁ ንዱት።

ስለ ጎሚስታው ልመለስ፣ አዘዞ መንገድ ላይ ያለ ቤት ነው፣ ልጁ ጎበዝ ነው። ይሄ ጎማ ውስጡና ውጪው ይለያያል፣ ጎኑ ላይ አውትሳይድ የሚል ጽሑፍ አለ፣ ያ ጽሑፍ በአራቱም እግር ወደ ውጪ መታየት አለበት፣ ልጁ ሳልነግረው አይቶ አስተካክሎ ገጠመው። ባላንሱን ከሰራ በኋላ "ጋሼ፣ ብሎኑን በጉልበት አላጠብቀውም፣ በመለኪያ ነው" ሲለኝ ደስ አለኝ፣ ለጎልፍ 120 ኒውተን ሜትር ነው፣ ቧንቧ ሰክቶ ቁልፉ ላይ በእግር መቆም ብሎኑንም ዲስኩንም ያጣምማል። አላይመንት ሳይሰራ ግን አዲስ ጎማ አትንዱ፣ የፊት እግር ትንሽ ከተከፈተ ወይ ከተዘጋ ይሄን የሚያክል ብር የወጣበት ጎማ ውስጥ ውስጡን ተበልቶ ያልቃል።

ከልጁ ጋር የተከራከርንበት ነገር ቢኖር አንድ ነው፣ ብራችሁ ለሁለት ጎማ ብቻ ከበቃ የት ይገጠም የሚለው። እሱ እንደ ሁሉም ሰው "ጉልበቱ ፊት ስለሆነ አዲሱ ፊት" ይላል። የጎማ ፋብሪካዎቹ ግን አዲሱ ኋላ ነው የሚሉት፣ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። ምክንያቱም እርጥብ ማዞሪያ ላይ ፊቱ ሲያንሸራትት ነዳጁን ስትለቁ ይመለሳል፣ ኋላው ከለቀቀ ግን መኪናው ይዞራል፣ ያኔ አብዛኛው ሹፌር ሊያድነው አይችልም። ሊማሊሞ ላይ መዞር ማለት ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። በመጨረሻ ልጁም "እሺ ጋሼ፣ ይሄንስ አላሰብኩትም" አለኝ።

ቀዳዳ ሲያጋጥም መሀል ጥርሱ ላይ ከሆነ ይጠገናል፣ ግን ከውጪ በክር ደፍኖ መላክ ለዚህ አይነት ጎማ አይበቃም፣ ጎማው ወልቆ ከውስጥ መለጠፍ አለበት። ጎኑ ላይ ከሆነ አይጠገንም።

ንፋስ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው የሚለካው፣ በሩ ላይ ወይ የነዳጅ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። እኛ ከፍታ ላይ ነን፣ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፣ ስለዚህ ወደ መተማ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ የውጪው አየር ግፊት ስለሚጨምር ቆጣሪው ላይ 2 ፒኤስአይ (የንፋስ መለኪያው) አካባቢ ሊቀንስ ይችላል፣ ሙቀቱ ደግሞ በየ5 ወይ 6 ዲግሪው 1 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል፣ ሁለቱ ይቀናነሳሉ። ስለዚህ እዚያ ስትደርሱ በሞቀ ጎማ ለክታችሁ "በዛ" ብላችሁ አታስተንፍሱ፣ አድራችሁ ጠዋት ለኩት። ብሎኑን ደግሞ ጎማ በተገጠመ ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ባለው ውስጥ እንደገና አስፈትሹ፣ እኔም አስፈትሻለሁ፣ አራቱም እግር ላይ አልላላም።