ሞሪንጋዬን ከፍየሎቼም ከእኔም ላዳነልኝ ባለሙያ

‹ሞሪንጋ ለፍየል መኖ ይሆናል የሚባለው ውሸት ነው፤ ዘሩ አከሰረኝ› እያልኩ ያገኘሁትን ሁሉ ሳማርር የነበርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ቃሌን ልመልስ።

ጥፋቱ የዘሩ አልነበረም። ማሳዬን እንዲያይልኝ የጠራሁት የመኖ ባለሙያ ገና ጉቶዎቹን ሲያይ፣ ‹እትዬ፣ ማነው ከአፈር አስተካክሎ የቆረጠው?› አለኝ። ማን ይሆናል፣ እኔው ነኛ! የተረፉትን ደግሞ ፍየሎቹን ለቅቄባቸው ቅርፊታቸውን ልጠው ጨርሰዋቸዋል።

አልሳቀብኝም። ማጭዴን ተቀብሎ ሳለውና ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጎ፣ ሰያፍ እየቆረጠ አሳየኝ። ውሃ ጉቶው ላይ እንዳይተኛ ነው። ከዚያ ማጭዱን መልሶልኝ እጄ እስኪለምድ አጠገቤ ቆመ። አዲሱን መደብ ውሃ ከማይተኛበት ከፍታ ላይ አወጣነው፤ ውሃ ከተኛበት ሥሩ ቶሎ ይበሰብሳል። የምንፈልገው ዛፍ ሳይሆን ቅጠል ስለሆነ አቀራርበን ዘራን፣ አፈሩንም ከ2 ሳንቲሜትር በላይ አላለበስነውም። በሁለት ወር ተኩል ገደማ የመጀመሪያውን አጨድኩ፤ አሁን በየ40 ቀኑ ገደማ አቆጥቁጦ ይደርስልኛል።

በፍግ ነገር ተከራክረናል። ሞሪንጋ እንደ ባቄላ ናይትሮጅን ከአየር ይይዛል፣ ፍግ አያሻውም ብዬ ድርቅ አልኩ። ‹አይይዝም እትዬ፤ በየአጨዳው የወሰዱትን ካልመለሱለት መሬቱ ይደክማል› አለኝ። እሱ ልክ ነበር። የደረቀ ቅጠሉ ሩብ ያህል ፕሮቲን ነው፤ ይህን ሁሉ የሚሠራበት ናይትሮጅን ከአፈሩ ካልሆነ ከየት ይመጣል?

አመጋገቡንም አስተካከለልኝ። መጀመሪያ እፍኝ እፍኝ፣ ከዚያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ መጨመር። ድርቆሹ አይቀርም። ቅርንጫፉን አስሬ አንጠለጥላለሁ፤ ፍየል የወደቀና የተረገጠ ትጠየፋለች፣ የእኔዎቹማ አሽትተው ፊታቸውን ያዞራሉ።

እንከን አለው፦ ማለዳ እመጣለሁ ብሎ ቀትር ላይ ይደርሳል። ግን ሁለተኛው አጨዳ ላይ ሳልጠራው መጥቶ ጉቶዎቹን አንድ በአንድ አየልኝ። ያላቆጠቆጡት ሦስት ብቻ ነበሩ። ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ።

ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለለመነኝ፣ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከመምጣቱ በፊት ግን ማጭዳችሁን ስሉ፤ ዶልዱም ማጭድ ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል።