ታዳጊ አጥፊን ማን ይረከበው? ሚዙሪና ካሊፎርኒያ

አሜሪካ ውስጥ ለታዳጊ አጥፊዎች አንድ ወጥ ሥርዓት የለም፤ እያንዳንዱ ግዛት በራሱ መንገድ ያደራጃል። ሚዙሪና ካሊፎርኒያ በጣም ይለያያሉ።

ሚዙሪ ውስጥ ፍርድ ቤት አሳልፎ የሰጠውን ልጅ የሚረከበው የግዛቱ የወጣቶች አገልግሎት ክፍል ነው። ክፍሉ ያለው በማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሥር ነው፣ በማረሚያ ቤቶች ሥር አይደለም። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ልጁን እንደ እስረኛ ወይስ እንደ ተማሪ እናየዋለን የሚለው ከዚህ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1983 ቡንቪል በምትባል ከተማ የነበረው ትልቁ የታዳጊ አጥፊዎች ተቋም ተዘጋ። በምትኩ በየአካባቢው ትናንሽ ማዕከላት ተስፋፉ። ልጆቹ በትንሽ ቡድን አብረው ይኖራሉ፣ ይማራሉ፣ ስለ ችግራቸው ይነጋገራሉ። ቤተሰብም ብዙ አይርቅም።

ካሊፎርኒያ ከባድ ጥፋት ያጠፉትን ለረጅም ጊዜ በግዛቱ ትልልቅ ተቋማት ስትይዝ ኖራለች። በ2020 የወጣ ሕግ ግን ኃላፊነቱን ለካውንቲዎች፣ ማለትም በግዛቱ ውስጥ ላሉ የአካባቢ አስተዳደሮች፣ ሰጠ። የመጨረሻዎቹ ተቋማት በጁን 2023 ተዘጉ። አሁን ልጁ ፍርድ የተሰጠባቸውን በሚከታተለው በካውንቲው የአመክሮ መሥሪያ ቤት እጅ ነው። ለቤቱ መቅረቡ ትልቅ ነገር ነው። ግን ካውንቲዎቹ 58 ናቸው፤ አቅማቸውም እኩል አይደለም። አንዳንድ ትንንሾቹ የራሳቸው ማቆያ እንኳ ስለሌላቸው ልጁን ወደ ሌላ ካውንቲ ይልካሉ።

እኔ የሚዙሪን እመርጣለሁ። እርግጥ እዚያም ቢሆን ውሳኔ እስኪሰጥ ማቆያውን የሚያስተዳድሩት የየአካባቢው ፍርድ ቤቶች ስለሆኑ ልዩነት አይጠፋም። ከውሳኔ በኋላ ግን ተጠያቂው አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ወላጅም አቤት የሚልበትን ያውቃል።