ሽ… የሚለውን ድምፅ «ያጠፋል» ተብሎ የሚሸጠውን ሳጥን ሳትገዙ አንብቡ

ጀመዓ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ ቤታችሁ ደህና ሙዚቃ የምትሰሙ፣ ይቺን ስሙኝማ። ፒያሳ አካባቢ አንድ ኤሌክትሮኒክስ ቤት «የክፍል ድምፅ ማስተካከያ» የሚባል ሳጥን ከነማይክሮፎኑ እየሸጠ ነው። ዕቃው ፎርጅድ አይደለም። ውሸቱ ወሬው ላይ ነው። «ስፒከርህ ሽ… ይላል? ይሄን ሰካበት፣ ጸጥ ይላል» ይሉሃል። አይልም። እኔ ቤት ገብቶ ጭራሽ ባሰበት። ልመልስ ብዬ ስሄድ «ካርቶኑ ተከፍቷል» አሉኝ፤ ደረሰኙ ላይ ደግሞ የዕቃው ስምና ዋጋ ብቻ እንጂ ያ ሁሉ የተናገሩት ነገር የለም።

ሳጥኑ ሥራው ሌላ ነው። በማይኩ ክፍሉን ይለካል፣ ግድግዳና ጥግ ያጎላውን ባስ ይቀንሳል፣ የጎደለውን ትንሽ ይጨምራል። ለዚህ ከፈለጋችሁት ጥሩ ነው። (ዴኖን ወይም ማራንትዝ የሙዚቃና የፊልም ሪሲቨር ያላችሁ መጀመሪያ ሜኑውን እዩ፤ ብዙዎቹ ኦዲሲ የሚባል ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ማስተካከያ ይዘው ነው የሚመጡት፣ ሁለቴ አትክፈሉ።) ሽ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ከአምፑ (ድምፁን አጉልቶ ወደ ስፒከሩ ከሚልከው ዕቃ) ከራሱ ነው የሚመጣው፣ ማለትም ከሳጥኑ በኋላ። በሱ በኩል ያላለፈውን ድምፅ በምን ተአምር ያጠፋዋል?

የሚብስበት ምክንያትም አለው። ቮልዩሙን በሳጥኑ ሪሞት ትቀንሳላችሁ፣ አምፑ ግን እስከ መጨረሻው እንደተከፈተ ነው፤ ሙዚቃው ዝቅ ሲል የሳጥኑ መውጫ የራሱ ሽሽታ አብሮ ዝቅ አይልም፣ አምፑም እንዳለ ያጎላዋል፣ ማታ በቀስታ ስትሰሙ ደግሞ እሱ ብቻ ይቀራል። ሳጥኑ ቀጭኑን ድምፅ 6 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ከጨመረ ደግሞ ከሱ በፊት የነበረው ሽሽታም እዚያው ላይ በቮልቴጅ እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ብር ሳታወጡ ይህን ሞክሩ። አምፑን አጥፉ፣ የሚገባበትን ኬብል ንቀሉ፣ መልሳችሁ አብሩት። አሁንም ሽ ካለ ችግሩ አምፑ ነው፣ ሳጥን አትግዙ። ከጠፋ ከአምፑ በፊት ያለ ዕቃ ነው። ያኔ የአምፑን ጌይን፣ ማለትም የማጉያ መጠኑን፣ ቀንሱና የዚያን ዕቃ መውጫ ከፍ አድርጉ። አምፑ ጌይን መቀነሻ ከሌለው 10 ወይም 12 ዲሲቤል የሚቀንስ ነገር በዕቃውና በአምፑ መሃል ይገባል፤ ሬዚስተር ብቻ ነው፣ ደህና ጥገና ቤት ለሁለቱም ቻናል እኩል አድርጎ ይሠራላችኋል። ጆሯችሁን ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ላይ ለጥፋችሁ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ግን እባካችሁ ተዉት፣ ሙዚቃችሁን ስሙ።

እም… የሚል ወፍራም ድምፅ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ከመብራቱ 50 ኸርዝ ጋር የተያያዘ ነው፣ ብዙ ጊዜም የግራውንድ ጣጣ ነው። እዚያው ሱቅ ለሽሽታው ስታብላይዘርም ሊያሸክሟችሁ ይሞክራሉ። መብራት ለሚዋዥቅበት ቤት ስታብላይዘር መልካም ነው፣ ለዚህ ግን አይሠራም።

የግድ እገዛለሁ ካላችሁ የራሳችሁን አምፕ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሙዚቃ ሳይከፈት ሱቁ ውስጥ አሰክታችሁ ስሙ። «ሽሽታውን ያጠፋል፣ ካላጠፋ ይመለሳል» የሚለውን ደረሰኙ ላይ እንዲጽፉላችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማችን በሐሰት ማስታወቂያ ማሳሳትን ይከለክላል፤ ንግድ መምሪያ ስትሄዱ ግን በእጃችሁ ወረቀት ያስፈልጋችኋል። አንጽፍም ካሉ ሳትከፍሉ ውጡ።