በባትሪና በኢንቨርተር ለሚሠራ ቤት የትኛው ፕሪንተር ይሻላል? ሌዘር፣ ባለታንክ ወይስ ማባዣ

በሰኔ ወር፣ የሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ፈተና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የመብራት መስመር ባልደረሰበት አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ቢሮ ውስጥ ቆሜ ኢንቨርተሩ፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጠው ሣጥን፣ ሲጮህ ሰማሁ። የባትሪው ጠቋሚ ሙሉ መሆኑን ያሳያል። ሌዘር ፕሪንተሩ አንድ ገጽ አወጣ፣ ሁለተኛውን እስከ ግማሽ ሳበ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩም አምፖሉም አብረው ጠፉ። ርእሰ መምህሩ «ባትሪው ሞተ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አልሞተም ጋሼ፣ አርጅቷል» አልኳቸው። እውነተኛው ችግር ግን የተፈጠረው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ፕሪንተሩ በተገዛበት ቀን ነበር።

ሶላር እገጥማለሁ፤ ደንበኞቼ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎችና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ናቸው። ፕሪንተር ሊገዛ የሚነሣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት መብራት ይበላል?» ብሎ ነው። መስመር ባለበት ከተማ ጥያቄው ትክክል ነው፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው ድምሩን ስለሆነ። በባትሪ ለሚኖር ሰው ግን ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፦ ማተም ሲጀምር፣ በዚያች አፍታ፣ ስንት ዋት ይስባል?

ሌዘር ፕሪንተር ዱቄቱን ቀለም በወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው አቅልጦ ነው። ይህን የሚሠራው ፊውዘር የሚባለው ክፍል ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። እዚያ ሙቀት ላይ በጥቂት ሰከንዶች ለመድረስ ትንሹ የጠረጴዛ ሌዘር እንኳ ከ800 እስከ 1000 ዋት ይስባል፤ ከምጣድ ጋር ባይስተካከልም ከትንሽ የውኃ ማፍያ ጋር ይቀራረባል። ከሞቀ በኋላ ፊውዘሩ እየበራና እየጠፋ ስለሚሠራ አማካዩ ወደ 300 ወይም 400 ዋት ይወርዳል። ካታሎጉ ላይ የሚጻፈው ይህ አማካይ ነው። ባትሪውን የሚያንበረክከው የመጀመሪያው ቁጥር ብዙ ጊዜ ካታሎጉ ላይ አይገኝም።

ባለታንክ ኢንክጄት፣ ማለትም ከጠርሙስ ወደ ታንኩ የሚሞላ ፈሳሽ ቀለም የሚረጨው ፕሪንተር፣ ሌላ ፍጥረት ነው። እንደ ኤፕሰን ኤል 3250 ያለው ማሽን ቀለሙን የሚረጨው በኤሌክትሪክ በሚለጠጥና በሚኮማተር ትንሽ ክሪስታል ነው፤ የሚሞቅ ነገር የለውም። ሲያትም ከ12 እስከ 15 ዋት ይበቃዋል። የካነን ጂ ተከታታይ ቀለሙን በጥቃቅን ማሞቂያዎች አፍልቶ ቢረጭም ፍጆታው ከዚህ ብዙም አይርቅም። አንድ ኤልኢዲ አምፖል የሚያበራ ኢንቨርተር እነዚህን ማሽኖች ይሸከማል።

አሁን ቁጥሩን ወደ ባትሪው እናምጣው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ በኢንቨርተር በኩል 1000 ዋት እንዲሰጥ ሲጠየቅ፣ የኢንቨርተሩ ብክነት ተጨምሮ፣ ከ90 አምፔር በላይ ያወጣል። 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ አንድ ደረቅ (የታሸገ የሊድ አሲድ) ባትሪ ይህን ሲጠየቅ ቮልቱ ወዲያው ያዘቀዝቃል። አዲስ ከሆነ ይቋቋመዋል። ሦስት ዓመት ያገለገለ ከሆነ ቮልቱ ለአንድ ሰከንድ ከ10.5 በታች ይወርድና ኢንቨርተሩ ባትሪው ያለቀ መስሎት ይዘጋል። ጠቋሚው ሙሉ እያለ ሁሉም ነገር የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ሊቲየም ባትሪ ቮልቱ እንዲህ አይወርድም፤ ነገር ግን የብዙዎቹ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪዎች መቆጣጠሪያ ከ100 አምፔር በላይ አያሳልፍም። ከሌዘሩ ጋር ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከተጨመረ ዳር ላይ ተቆመ ማለት ነው።

ሌዘር ግድ የሚሆንበት ሥራ አለ፤ እሱን በኋላ እናገራለሁ። ግድ ከሆነ ግን ሲስተሙ 24 ቮልት ይሁን፤ ያው 1000 ዋት ወደ 46 አምፔር ይወርዳል፣ ገመዱም አይግልም። ኢንቨርተሩ 2000 ዋት፣ ዓይነቱም ፒዩር ሳይን ዌቭ፣ ማለትም እንደ መስመር መብራት የለሰለሰ ሞገድ የሚሰጥ፣ ይሁን። ይህን የምለው ለጥራት ብቻ አይደለም። የፊውዘሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ሰርኪዩት ማሞቂያውን የሚያበራውና የሚያጠፋው የመብራቱ ሞገድ ዜሮን የሚያልፍባትን ቅጽበት እየጠበቀ ነው። ርካሹ ሞዲፋይድ ሳይን ዌቭ ኢንቨርተር የሚሰጠው ሞገድ ግን እንደ ደረጃ የተቆረጠ ነው፤ ዜሮ ላይ ጥቂት ቆሞ ይዘላል። ሰርኪዩቱ ቅጽበቷን ይስታል፤ ፕሪንተሩ የስህተት መብራት ያበራል፣ ሲብስም የኃይል ቦርዱ ይቃጠላል። ባለታንኮቹ መብራቱን መጀመሪያ ወደ ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚፈስ ኃይል) ስለሚለውጡ በርካሹም ኢንቨርተር አብዛኛውን ጊዜ ይሠራሉ። እኔ ግን ፒዩሩን እመክራለሁ፤ ነገ ከዚያው ሶኬት ላይ ምን እንደሚሰካ አይታወቅምና።

ሌላው በብዙ ቤት ያየሁት ስህተት ፕሪንተሩን እንኳ አይመለከትም። ባለ 2000 ዋት ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት፣ በርቶ በመቀመጡ ብቻ፣ ወደ 20 ዋት ይበላል። በ24 ሰዓት ይህ 480 ዋት ሰዓት ይሆናል። 100 አምፔር ሰዓት ያለው ደረቅ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር እስከ ግማሹ ብቻ ሲጠቀሙበት የሚሰጠው 600 ዋት ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ የሚቆይ ኢንቨርተር ባለታንኩ በወር የማይበላውን በአንድ ቀን ይበላል። ለሌዘር ተብሎ ትልቅ ኢንቨርተር የተገዛበት ቤት ይህንንም አብሮ ይሸከማል። ለባለታንክና ለላፕቶፕ 300 ዋት ይበቃል፤ የትንሹ ኢንቨርተር የባዶ ፍጆታም ትንሽ ነው።

ወደዚያ ትምህርት ቤት ፈተና ልመለስ፤ ልዩነቱ የሚታየው ብዙ ገጽ ሲታተም ነው። አንድ ዓይነት ፈተና የሚወስዱ ስምንት ክፍሎች፣ በእያንዳንዱ 50 ተማሪ፣ ሰባት የትምህርት ዓይነት፣ ለእያንዳንዱ ፈተና አራት ገጽ፤ 11,200 ገጽ ይሆናል።

በደቂቃ 20 ገጽ የሚያወጣ ሌዘር ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ይሠራል፤ በ400 ዋት አማካይ ሲሰላ 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ከላይ ባልኩት የግማሽ ስሌት ስድስት ሙሉ ባትሪ ማለት ነው። 1,600 ገጽ የሚያትም ትንሽ የቶነር ካርትሪጅ ከሆነ ደግሞ ሰባት ካርትሪጅ ያስፈልጋል። በደቂቃ 10 ገጽ የሚያወጣው ባለታንክ ከ18 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ሦስት የሥራ ቀን ነው። ግን ራሱ ፕሪንተሩ የሚበላው 280 ዋት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ የትንሹ ኢንቨርተር የባዶ ፍጆታ ቢታከልበትም አንድ ባትሪ ይወጣዋል። 4,500 ገጽ ከሚያትመው የጥቁር ቀለም ጠርሙስ ሁለት ተኩል ይበቃል። ጊዜው የሚያስጨንቅ ከሆነ ጥቁር ብቻ የሚያትመውን የኤፕሰን ኤም 1170 ዓይነት ባለታንክ ይመልከቱ፤ በደቂቃ 20 ገጽ ስለሚያወጣ ጊዜውን በግማሽ ያሳጥረዋል።

ሦስተኛው አማራጭ ዲጂታል ማባዣ ነው፤ ብዙዎች በሪሶ ስሙ ያውቁታል። እንደ ጥንቱ ስቴንስል ነው የሚሠራው፦ በዋናው ገጽ ጽሑፍ ልክ ማስተር የሚባል ስስ ወረቀት ይበሳል፣ ማስተሩ ከበሮው ላይ ይጠቀለላል፣ ቀለሙ በቀዳዳዎቹ ያልፋል። ወረቀቱን የሚያሞቅ ነገር ስለሌለ ትንንሾቹ ሞዴሎች እየሠሩ ከ300 ዋት በታች ይበላሉ፤ በደቂቃ ግን 100 ቅጂ ያወጣሉ። 11,200ው ገጽ ከሁለት ሰዓት ባነሰ የማሽን ጊዜ ያልቃል፤ ወደ 560 ዋት ሰዓት። ለ28ቱ የተለያዩ ገጾች 28 ማስተር ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ ማስተር 400 ጊዜ ስለሚያትም ወጪው በቅጂ ሲካፈል ጥቂት ነው። በአንጻሩ ሦስት ቅጂ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ማስተር ማባከን ነው። ማሽኑ ከባድ፣ መግዣው ውድ ነው፤ ጠጋኙም በየከተማው አይገኝም። ከ20 ወይም ከ30 ቅጂ በታች የሚሠራ ቢሮ አይግዛው። በየወሰነ ትምህርቱ በሺህ የሚያባዛ ትምህርት ቤት ግን ስሙን ሰምቶ ባያልፈው ደስ ይለኛል፤ በሶላር ለሚሠራ ትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ የማባዣ መንገድ አላየሁም።

የዓመቱን ወቅት ማሰብም ያስፈልጋል። የጥር ፈተና ፀሐይ ባለበት ወር ይመጣል፤ ፓኔሉ ባትሪውን ከጠዋት ጀምሮ ይሞላል። የሰኔው ፈተና ግን ደመናው መሰብሰብ ሲጀምር ነው። በጥር ችግር ያላሳየ ሌዘር በሰኔ የሚያሳፍረው በዚህ ነው። ማተሙ ከተቻለ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ቢደረግ ጉልበቱ ከፓኔሉ በቀጥታ ይመጣል፤ ባትሪው ያርፋል።

አሁን ባለታንኩን የሚጎዱ ነገሮችን ልናገር፤ ማሞገሱ ብቻ ገዢን ያሳስታል። አንደኛው በዓይኔ ያየሁት ነው፦ ሰው ሥራውን ሲጨርስ ኢንቨርተሩን ከምንጩ ያጠፋል። ፕሪንተሩ በራሱ ቁልፍ ሲጠፋ የቀለም መርጫውን ወደ ዳር መልሶ በላስቲክ ክዳኑ ይሸፍነዋል። መብራቱ በድንገት ሲቋረጥበት መርጫው ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ በበጋ አቧራና ድርቀት ውስጥ በጥቂት ቀን ይደርቃል። ከዚያ መስመር መስመር እየዘለለ ማተም ይጀምራል፤ የማጽጃ ዑደቱ በተደጋገመ ቁጥር ቀለም ይፈስሳል፣ የቆሻሻ ቀለም መያዣውም ይሞላል። ስለዚህ መጀመሪያ ፕሪንተሩን በራሱ ቁልፍ፣ መብራቱ ብልጭ ማለቱን እስኪያቆም ጠብቆ፣ ቀጥሎ ኢንቨርተሩን። ክረምቱን ተዘግቶ የሚከርም ቢሮ ባለታንክ ካለው በሳምንት አንዴ አንድ ባለቀለም ገጽ የሚያትም ሰው ይመድብ።

ሁለተኛው ውኃ ነው። የኤፕሰን ኤል ተከታታይ ብዙዎቹ ሞዴሎች ቀለማቸው በውኃ የሚሟሟ ነው፤ ዝናብ የነካው የድጋፍ ደብዳቤ ይደበዝዛል፣ እርጥብ ጣት ያረፈበት ስም ይጠፋል። ለጤና ጣቢያ ካርድ፣ ለመታወቂያ ማስረጃ፣ ለዓመታት በመዝገብ ለሚቀመጥ ውል ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ከላይ የጠቀስኩት ኤም 1170 እና የካነን ጂ 2010 ጥቁር ቀለማቸው ፒግመንት (በውኃ የማይሟሟ ደቃቅ ብናኝ ያለበት) ስለሆነ ውኃን በተሻለ ይቋቋማሉ። ሌዘር ግድ የሚሆንበት ሥራ አለ ያልኩት እዚህ ላይ ነው፦ በየቀኑ ብዙ ማስረጃ የሚሰጥና ለወራት ሳይታተምበት ቢቀመጥም መርጫው የማይደርቅ ማሽን የሚፈልግ ቢሮ። ዱቄት አይደርቅም። እንዲህ ያለው ቢሮ ሌዘሩን ይግዛ፤ ግን ባለ 24 ቮልቱን ሲስተም አብሮ በጀት ይያዝለት።

ስለ ፎቶ ኮፒ ማሽኖች ብዙ አልልም። ትልልቆቹ ሲሞቁ ከ1300 እስከ 1500 ዋት ይስባሉ፤ መስመር ሲቋረጥ በባትሪ ለማስቀጠል ከመሞከር ባለታንክ ከነስካነሩ በጎን አስቀምጦ ደንበኛን ማስተናገድ ይሻላል። በካርቦን ባለብዙ ቅጂ ደረሰኝ የሚያትም ነጋዴ ደግሞ ከዶት ማትሪክስ ሌላ ምርጫ የለውም፤ ደግነቱ እሱም ማሞቂያ የለውም፣ ትንሽ ኢንቨርተር ይበቃዋል።

መንገድ ላይ ለሚሠራ፣ ለምሳሌ በመኪና እየዞረ ለሚመዘግብ የጤና ወይም የግብርና ባለሙያ፣ በራሳቸው ባትሪ መሥራት የሚችሉ ትንንሽ ኢንክጄቶች አሉ፤ ኤችፒ ኦፊስጄት 200 እና ባትሪው ለብቻው የሚገጠምለት ካነን ቲአር 150 ይጠቀሳሉ። ባትሪያቸው ተሞልቶ ከወጡ ሲያትሙ ኢንቨርተር አያስፈልጋቸውም። ሆኖም ካርትሪጃቸው ትንሽና ውድ ነው፤ በቀን ከጥቂት ገጽ በላይ ለሚያትም ሰው አልመክራቸውም።

ከመግዛትዎ በፊት ፕሪንተሩን አዙረው ከኋላው የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። ከቮልቱ ቀጥሎ የተጻፈውን አምፔር በ220 ያባዙት። 4 አምፔር የሚል ከሆነ 880 ዋት ነው፤ ኢንቨርተርዎ የዚህ እጥፍ ካልሆነ ይተዉት። 0.3 አምፔር የሚል ከሆነ 66 ነው፤ እሱም የጣሪያው ቁጥር ስለሆነ ሲያትም ከዚያ በብዙ ያንሳል። ዋይፋይ ያለው ከሆነ ደግሞ ከስልክ በቀጥታ ማተም ስለሚቻል ከ100 ዋት በላይ የሚበላው ዴስክቶፕ ሳይበራ ሥራው ያልቃል።

ያ ትምህርት ቤት ሌዘሩን መስመር ወዳለበት የወረዳ ከተማ ወስዶ በባለታንክ ለወጠው። የዚያን ሰኔ ፈተና መምህራኑ በየተራ እየተቀመጡ በሦስት ቀን አተሙት፤ በአሮጌው ባትሪ ኢንቨርተሩ አንድም ጊዜ አልጮኸም። አሁን የወላጆች ኮሚቴው ለማባዣ ማሽን መዋጮ ጀምሯል።